የላትሪስ ካፖርት

አማያ መዋለ ሕፃናታችን ውስጥ እንደተኛች ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር፤ ከንፈሯም ጠቆረ። የአስም መድኃኒቷን አፏ ውስጥ ነፋሁላት። ደግነቱ መለስ አለላት።

እናቷ ላትሪስ የባልቲሞርን በረዶ በስስ ሹራብ እየሮጠች ደረሰች። ለወላጆች የምንሰጠውን የሐሙሱን ማጨስ ማቆሚያ ትምህርት "እኔን አይመለከትም" ብላ የተወች ናት። የልጇን አስም የሲጋራ ጭስ ሳይቀሰቅሰው እንዳልቀረ ስነግራት ተቆጣች።

"ቤት ውስጥ ለኩሼ አላውቅም! ደጅ ደረጃው ላይ ነው የማጨሰው። ለመንግሥት ነግረሽ ልጄን ልታስነጥቂኝ ነው? ተምረሽ ሰፈርሽ የተመለስሽው ለዚህ ነው?"

"ማንም አይወስዳትም" አልኳት፣ እርግጠኛ ሳልሆን። "ምን ለብሳ ነው የምትተኛው?"

"ማሞቂያችን ተበላሽቷል። ካፖርቴን አለብሳታለሁ፤ ዛሬም ይዛው መጥታለች።"

ካፖርቱን ከፍራሹ ላይ አንስቼ ሰጠኋት። "ደጅ ስታጨሺ የምትለብሺው ይኼንን ነው?"

አሸተተችው፤ የሲጋራው ሽታ ሲመታት ፊቷ ተለዋወጠ። ደጅ ጥላው ተመለሰች፤ ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

"ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።