ለኮሚቴ የተዘረጋ ሶፋ

ያን ቀን አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም ብል ውሸት ነው። አውቀዋለሁ። ፈሪ ነኝ።

ከተማችን ሶዶ ለመከላከያ ሠራዊት ቤተሰቦች አሥራ ሁለት ቤት አዘጋጅታ ነበር። የስም ዝርዝሩን መከላከያ ላከ፤ ማን ይበልጥ እንደተቸገረ ቤት ለቤት ዞሮ ማየት ደግሞ የእኛ የኮሚቴው ሥራ ሆነ። አሥራ አንዱ ቤት ባለቤት አገኘ። ለመጨረሻው ሁለት ሴቶች ቀሩ፤ አንዷ አሳየሽ ነበረች።

ባሏ ሃምሳ አለቃ ጦና ለግዳጅ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷ ከኦቶና ሆስፒታል በታች በአንዲት የጭቃ ክፍል ከሦስት ልጆቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች፤ አከራይዋም እስከ መስከረም ልቀቂልኝ ብሏታል። እኛ ስንገባ ግን ክፍሏ ሠርግ ቤት መስላ ጠበቀችን። አዲስ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ጥሬ ሥጋ በዳጣ። የመንግሥት እንግዳ በባዶ ቤት መቀበል ነውር ሆኖባት ሰፈሩን ሁሉ ስታስቸግር ሰንብታለች። እኛ ወላይታዎች እንግዳ ፊት ከምናፍር ብንራብ ይሻለናል።

ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩት በራሴ ሶፋ ላይ ነው! ልጄ በካውያ ያቃጠለው ጥግ እጄ ሥር ነበር። አሳየሽና ባለቤቴ ሊድያ ቤተ ክርስቲያን አብረው ይዘምራሉ፤ ጠዋት ከቤት ከወጣሁ በኋላ በጋሪ አስጭናላት መሆን አለበት። አሳየሽ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አቀረቀረች። አሳዘነችኝና ዝም አልኩ። ሥጋውንም በላሁ፣ ያውም ደጋግሜ።

እዚያስ ዝም ማለቴ ይሁን፣ ሴትዮዋን በቤቷ ማዋረድ አይገባም። ቢሮ ስንመለስ ግን ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ሐመልማል «ይቺማ ከእኔም ትሻላለች» ብለው ሳቁና ፎርሙ ላይ ንብረት በሚለው ሥር ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ምንጣፍ ብለው ሞሉ። ያችኛዋ ሴት እንኳ እናቷ ቤት መጠጊያ አላት። «ሶፋው የእኔ ነው፣ ተውሳው ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የሚስቱን ጓደኛ ሊጠቅም አሲሮ ነው እንዳልባል ፈራሁ። ፎርሙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ፈረምኩ።

ሄዶ መንገሩ ለእኔ ደረሰ። ክፍሏ ባዶዋን ነበረች፤ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ።

«ቤቱ ለሌላ ሰው ሆኗል፣ አሳየሽ» አልኳት።

ዘወር ብላ ልጆቹን አየቻቸው። ከዚያ ልጆቹ እንዳይሰሙ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ ኤርካሎ፣ ሶፋው የናንተ መሆኑን ነገርካቸው እንዴ?» አለችኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

እንባዋ መጣ። እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ጌታ ይባርክህ» አለችኝ፤ «ጉዴን ሸፈንክልኝ።»