የአራት ወር ሸራ

ጥርስ ሠሪዋ የፍሬኑን ሸራ በጨርቅ ጠረገችና ከቦርሳዋ ባወጣችው መለኪያ ለካችው። ሁለት ሚሊ ሜትር። ገልብጣ በሌላው በኩል ለካችው፤ ያው ሁለት ነው። ሲገጠም አሥራ አንድ ነበር፤ የተገጠመውም ከአራት ወር በፊት ነው። መለኪያው የመሥሪያ ቤቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሠራሽ ጥርስ ውፍረት የምትለካበት። ዛሬ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ስትወጣ ሳታስበው ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ነበር።

«ዲስኩስ?» አለች።

መካኒኩ በተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀምጦ እጁን በቤንዚን እየታጠበ ነው። ሰፈሩ «ቶሎ» ነው የሚለው፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ቶሎ ይደርሳል» ስለሚልና ቶሎ የደረሰ ሥራ ስለሌለው።

«ዲስኩም አብቅቷል። ባለፈው ቶርኖ ቤት ወስጄ አስልጬዋለሁ። አሁን ደግሞ ይላጥ ካልን ወረቀት ነው የሚሆነው።»

«በዓመት ሦስተኛው ሸራ ነው እኮ።»

«ሦስተኛው ነው» አለ፤ ቀና ሳይል።

የአባቷ መኪና የፊት ጎማዎቹ ወልቀው በእንጨት ጉማጅ ላይ ቆሟል። ነገ ረቡዕ ነው። እናቷ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ የሚያደርሳትም አባቷ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዲስክና ሸራ ተገዝቶ መገጠም አለበት። ማታ ደግሞ አለቃዋ መልስ ይጠብቃል። የክፍሉን ኃላፊነት ልስጥሽ ብሏታል። ሰባት ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ የማታውቀውን ሰው ጥርስ ስትሞርድ የኖረችበት ክፍል ነው። ኃላፊ የሆነ ሰው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ይከፍታል፤ ሌላ ግዴታ የለውም ማለት ይቻላል።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ አባቷ በር ድረስ ሸኝቷት ነበር። «ፎርጅድ ነው የሚሸጥልን ያ ሰውዬ። አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና አፍንጫው ላይ ወርውሪለት» ብሏታል።

አሮጌውን ዲስክና ሸራ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ፣ ከብዷት በየመሀሉ እጅ እየቀያየረች ሁለት መንገድ ተሻግራ መለዋወጫ ሱቁ ደረሰች።

ሱቁ ጠባብ ነው። ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ቺንጋዎች ከምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። ባለሱቁ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያሰረ ሽማግሌ ነው። ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ስታሳርፍ ማን እንደሆነች አወቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሸራ ከእርስዎ የተገዛ ነው። አራት ወር አልሞላውም።»

«አንቺስ እንደ አባትሽ አትጮሂም» አለ። «እሳቸው ባለፈው ሲመጡ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ነው ያየን። እቃውን ያምጡት ልየው ብላቸው ማን ሰምቶኝ። አፋቸውን ብቻ ነው ይዘው የመጡት።»

ሳትፈልግ ፈገግ አለች። ባለሱቁ መነጽሩን አድርጎ ሸራውን አገላበጠ፤ ጠርዙን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«ፎርጅድ ቢሆን ይፈረፈር ነበር። እንዲህ ብታደርጊው በጥፍርሽ ይነሳል። ይሄ አልተፈረፈረም። ፊቱን እይው፣ መስታወት መስሏል። ተጠብሷል።» ዲስኩን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለው። «ይሄ ሰማያዊ ይታይሻል? ብረት ሲግል ነው እንዲህ የሚሆነው። መንገዳችሁ ቁልቁለት አለው?»

«የለውም። ከቤት ሆስፒታል ነው። ሜዳ ነው።»

«መኪናው አውቶማቲክ ነው?»

«አዎ።»

ባለሱቁ መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲህ እግር ነው፣ ልጄ። ፍሬኑ ላይ እግር አርፎ ነው የሚኬደው። የሚነዱት እሳቸው ናቸው?»

«አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ያን ሁሉ ገደል በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ጉልበት ነበር የሚወርደው። ፍሬን የሚበላ ሰው አይደለም።»

«እኔም እሱ ነው የገረመኝ።»

ከመደርደሪያው ሦስት ዓይነት ሸራ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረላት። አንደኛው ርካሹ ነው። ሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ ብዙ ይቆያል፤ ሲይዝ ግን ድንገት ነው። ሦስተኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ቀስ ብሎ ይይዛል፤ ቶሎ ያልቃል። ዲስኩ ለሁሉም አንድ ነው።

«በዚህ እግር ከሆነ ጠንካራውም ስድስት ወር ቢሄድ ነው። ነጋዴ ነኝ፣ ብትመላለሺልኝ አልጠላም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገሩ ግን የሸራ አይደለም። እንዲህ ሲግል የኖረ ፍሬን አንድ ቀን ይረገጥና አይይዝም።»

«ትንሽ ይቆዩኝ ጋሼ። መጣሁ።»

ተመልሳ ስትሄድ ፀሐዩ በርትቷል። ጎረቤታቸው የአባቷን መኪና «ሁልጊዜ የኋላ መብራቱ ቀይ ነው፣ የሚያፍር ይመስላል» እያለ ሲቀልድ ትዝ አላት። እናቷ መኪና ውስጥ የሆነ ነገር ይሸተኛል ስትል «መድኃኒቱ ነው እማዬ፣ አፍንጫሽን አበላሽቶት ነው» ብላታለች። እያንዳንዱን ነገር ስታይ ነበር፤ እያንዳንዱንም ምክንያት ሰጥታ ስታልፈው ነበር። ደክሟት ነበር። ከሥራ ስትገባ የሚታያት የተዘረጋ አልጋ ብቻ ነበር።

መካኒኩ ከርቀት ሲያያት ተነሳ። ባዶ እጇን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አልሸጥም አሉ?»

«አባቴ በየትኛው እግሩ ነው ፍሬን የሚይዘው?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ጊዜ ወስዶ።

«እህቴ፣ ለልጄ ትንፍሽ እንዳትል ብለው አስምለውኛል።»

«እና ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? እኔ ገና ጎማ መንፋት ስማር እሳቸው ሕዝብ ጭነው ሲያልፉ እጄን አውለበልብላቸው ነበር። ይቅርብዎ ጋሼ ብል ይሰሙኛል?» ጨርቁን ጣለው። «ቀኝ እግራቸው አይሰማቸውም። ስኳሩ ነው መሰለኝ። ነዳጁን በቀኝ ነው የሚሰጡት፤ ግን እግራቸው ፔዳሉ ላይ መድረሱን አያውቁትም። ስለዚህ ግራውን ፍሬኑ ላይ አስቀምጠው ነው የሚሄዱት፤ ነገር ቢመጣ ብለው።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«እናትሽ ናቸው የሚያዩላቸው። አጠገባቸው ተቀምጠው እግራቸውን ነው የሚያዩት። አሁን ነዳጁ ላይ ነህ፣ አሁን ለቀሃል ይሏቸዋል። አንድ ቀን ለሙከራ አብሬያቸው ወጥቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መንገዱን ማን እንደሚያይ እንጃ።»

ጥርስ ሠሪዋ መኪናው ላይ ተደገፈች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። የሰማችውን ነገረቻት፤ እናቷ ለመካድ አልሞከረችም።

«እኛ ተጠንቅቀን ነው የምንሄደው» አለች እናቷ። ከእጥበቱ ማግስት ድምፅዋ ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የሚመጣው። «አልነገርንሽም፤ ብንነግርሽ ሥራሽን ትለቂያለሽ። ሰባት ዓመት የጠበቅሽው ነገር እኮ ነው። እኔ ስንት ዓመት ቀረኝ ብለሽ ነው?»

«እንዲህ አታውሪ፣ እማዬ።»

«አባትሽ ደግሞ ይሄን ከከለከሉት ምን ሥራ አለው? ዓርብ ሲመጣ ከሐሙስ ጀምሮ መኪናውን ሲወለውል ነው የሚውለው። ተይው በናትሽ።»

መካኒኩ ሁሉንም እየሰማ ያልሰማ መስሎ ብሎን ይለቅም ነበር። ስልኩን ስትዘጋ፣ «ሳልገጥመው ላቆየው? አንድ ሳምንት እቃ ጠፋ ማለት እችላለሁ» አላት። ደግ ሐሳብ ነበር። ግን እናቷ ሳምንት አትቆይም፤ ኩላሊቷ እቃ ጠፋ አይባልም። ታክሲ በሳምንት ስድስት ጊዜ ቢያዝ ደግሞ ከደሞዟ የሚተርፍ የለም።

«ትገጥመዋለህ» አለች። «ዛሬ። በቶሎ ሳይሆን ከልብ።»

ሱቁ ተመልሳ ስትገባ ሦስቱም ካርቶኖች እንደተደረደሩ ናቸው። ለስላሳውን ወደራሷ ሳበችው።

«እሱ ቶሎ ያልቃል ብዬሻለሁ» አለ ባለሱቁ። «ሁልጊዜ እግር ላረፈበት ፍሬን አይሆንም።»

«የምነዳው እኔ ነኝ። የምጭነው በሽተኛ ነው፤ ድንገት መያዝ የለበትም።»

ባለሱቁ ዲስኮቹን ከካርቶናቸው አውጥቶ በብርሃን አሳያትና መልሶ ከተታቸው። «የፋብሪካ ዘይት አለበት፤ ሳይገጠም በደንብ ይጠረግ በይው» አላት። «ለአባትሽም ሰላም በይልኝ። ስድባቸው ሳይቀር ናፍቆኛል።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው ከእንጨቱ ወረደ። ጥርስ ሠሪዋ ወንበሩን ለእግሯ ልክ ወደፊት አስጠጋች፤ መስታወቶቹን አስተካከለች። መንጃ ፈቃዱን ያገኘችው አባቷ አስተምሯት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን መሪ የያዘችባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። ዝግ ብላ፣ ኋላዋ የሚጮህባትን ሁሉ እያሳለፈች ቤት ደረሰች።

አባቷ በር ላይ በላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። የበሩን ብረት ይዞ ተነሳ።

«ወረወርሽለት?»

«አልወረወርኩም።» ከመኪናው አልወረደችም። «እቃው ደህና ነው፣ አባዬ። ዲስኩ ግን ሰማያዊ ሆኗል።»

ሰማያዊ ዲስክ ምን ማለት እንደሆነ ለእሱ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። ወደ ተጠጋው ወንበር አየ። ከዚያ ወደ መንገዱ አየ።

«ያ ቀባጣሪ ነገረሽ።»

«ጠይቄው ነው።»

«አንድ ሰው ነክቼ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት፤ ከዚያም ወዲህ።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቀን ሰዓት አሳልፌባት አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

እጁ የመኪናው ጣሪያ ላይ ነበር፤ አቧራ ያለ ይመስል በመዳፉ ሁለት ሦስቴ ጠረገው።

«ሸራውን አላመድሽው?» አለ በመጨረሻ።

«ገና ነው።»

«ባልተላመደ ሸራ ነው እናትሽን ነገ የምትጭኛት?»

በመኪናው አፍንጫ በኩል፣ ኮፈኑን በእጁ እየተደገፈ ዞረና የጎን በሩን ከፍቶ ገባ። ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባው። ይህን ሲያደርግ አይታው አታውቅም።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ወሰዳት። «አርባ አድርሺው። አሁን ያዢ፣ ቀስ። አትቁሚ፤ ልቀቂ። አንድ።» እንደገና አርባ አደረሰችው። «ሁለት።» አራተኛው ላይ በኃይል ረገጠችና ሁለቱም ወደፊት ተነቀነቁ።

«ይሄኔ እናትሽን አስመልሷታል» አለ። «ከእጥበቱ ስትወጣ ሆዷ ባዶ ነው፤ ጭንቅላቷም ይዞራል። መብራቱን ገና ከሩቅ ስታዪው አስቢው። ፍሬን መያዝሽን ካወቀች ተበላሽቷል። ሆስፒታሉ በር ላይ ጉድጓድ አለ፤ በግራ እለፊው። ዘበኛው ይቆጣሻል፤ ዝም በይው።»

«እሺ።»

«አምስት በይ።»

አሥር ሲሞላ ፍሬን ሳትነካ እንድትነዳ ነገራት፤ ብረቱ በነፋስ ይቀዝቅዝ። መስኮቶቹን ከፈቱ። ትንሽ የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው፤ የአዲስ ሸራ ሽታ ነው።

«ከየት ጀምሮ ነው የማይሰማህ?» አለች፤ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

ቁርጭምጭሚቱን ነካ። «መጀመሪያ ከዚህ ነበር።» ከዚያ እጁን ከጉልበቱ ሥር አሳረፈ። «አሁን ከዚህ።»

«ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«ሐኪሙ የሚያየው እሷን ነው።»

«ነገ አብረኸን ትሄዳለህ። አንተንም ያይሃል።»

«እናያለን» አለ። አባቷ እምቢ ሲል «እናያለን» አይልም፤ እምቢ ነው የሚለው።

ቤት ሲደርሱ የእጅ ፍሬኑን ልትስብ ስትል እጇን ያዛት። «ገና እንደጋለ ነው። እንጨት አድርጊለት።» ወርዳ ከአጥሩ ሥር እንጨት ፈልጋ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀች። በቤቱ መስኮት የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ያዘ?»

አባቷ ወደ እሷ አየ።

«ይዟል፣ እማዬ» አለች።

እሱ ግድግዳውን ይዞ ገባ። ጥርስ ሠሪዋ ውጭ ቀርታ ስልኳን አወጣችና ለአለቃዋ ጻፈች። መጀመሪያ ብዙ ጻፈች፤ የእናቷን፣ የአባቷን፣ የዓመቱን ሁሉ። ከዚያ አጠፋችው። «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የምገባው ከሰዓት ነው። ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ስጡት።» ሁለቴ አንብባ ላከችው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከመለኪያው ጎን ከተተችና እንጨቱ መጥበቁን በእግሯ ገፋ አድርጋ አየች። ጠብቋል። የመኪናውን በር ቆለፈችው።