የሀስና ዝላይ

ደግሞ በእኔ ጫማ፣ ትላለች ሄርሞን በልቧ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በእኔ ላብ የራሰ የስኬቲንግ ጫማ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀውበት ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሀስና ግን ጎማውን በጣቷ እያሽከረከረች ትስቃለች፣ የቆቦ ፀሐይ ሲሚንቶውን አግሎታል፣ ከጎብዬና ከሮቢት የመጡት ተወዳድረው ጨርሰዋል፣ የቀረችው ሀስና ናት፣ ካሸነፈች የደሴው ቡድን ውስጥ ትገባለች፣ ሄርሞን ልትገባበት በነበረው ቦታ፣ ሄርሞን ሃይላንድ ይዛ ቆማለች። ውሃ አቀባይ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ።

ጎይቶም ናቸው የፈረዱባት፣ አሰልጣኙ፣ ከአራት ቀን በፊት፣ ልጁ ሁሉ እያየ ሚዛን ላይ አውጥተው፣ ይቺ ከእንግዲህ አትነሳም፣ ዳሌ አውጥታለች፣ ላም በጎማ አትዘልም፣ ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ምን ታድርግ፣ እናቷ ብዪ እንጂ ጓለይ እያለች ስትለምናት ምሳዋን ለውሻ ስትደፋ የኖረችው ለዚህ ነው? ለዚህ። ዝላዩንም ሀስናን አንቺው አስተምሪያት አሏት፣ አስተማረቻት፣ አየር ላይ አንድ ዙር፣ በቀኝ እግር ወደ ኋላ ማረፍ፣ ልጅቷ ግን አንዴ ትቆማለች፣ አንዴ ትወድቃለች።

አሁን ሀስና እጇን ይዛታለች፣ ትንሽ፣ ላብ ያጠመቀው እጅ፣ ሄርሞንዬ ወላሂ ፈራሁ፣ ስነሳ ዓይኔን የት ላድርገው?

ይሄን አልነገረቻትም። ረስታ። ረስታ ነው? እሷ የተማረችው በጥርሷ ነው፣ መሬት ያየ መሬት ይቅማል ብለው ኮች በደማ አፏ ላይ የሳቁ ቀን፣ ሩቅ ነው የሚታየው፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ በዋጃ መንገድ የሚያልፈውን መኪና እዪ፣ በቃ ይሄው ነው፣ አፏ ግን እግርሽን ይላል፣ እግርሽን እዪ፣ እስክታርፊ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። በለሆሳስ። እንደ እህት። ያፈተለከ ፀጉሯንም ወደ ሻሿ ትመልስላታለች።

አንቺ፣ ምን አልሽ፣ ትላለች ሄርሞን ለራሷ፣ ጥሪያት፣ ገና ነው፣ ሀስና ቢስሚላህ ብላ ተንሸራታለች፣ ታምራለች፣ ታምራለች እኮ ይቺ ልጅ፣ ማን እንዲህ አድርጎ አስተማራት፣ እኔ፣ አንድ ዙር፣ ሁለት፣ አሁን ትነሳለች፣ ጥሪያት አንቺ አረመኔ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ተደፋ።

ድምፁ እንጨት ሲሰበር ነው የሚመስለው። ቀጭን እንጨት።

ያረቢ ልጄን፣ ትጮኻለች የሀስና እናት ሳቢራ፣ ጎይቶም ቀድመው ይደርሳሉ፣ ሊያነሷት ነው፣ አይደለም፣ የጫማውን ማሰሪያ ነው የሚፈቱት፣ ክንዷ ነው፣ ይላሉ፣ እግሯ ደህና ነው፣ ምን ይገትርሻል ሄርሞን፣ ዳኞቹ አምስት ደቂቃ ሰጥተውናል፣ አጥልቂው እንጂ! ላሚቱ ልትዘል ነው። ጨርቁን መዛ ትጥላለች፣ ጫማው ውስጡ ይሞቃል፣ የልጅ ሙቀት፣ ትገባለች፣ ትነሳለች፣ ዓይኗ አጥሩን ተሻግሮ ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ታርፋለች። ጭብጨባ። ደሴ። ኮች ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋሉ፣ ብዬሽ አልነበር፣ ይላሉ፣ ምን ብለዋት ነበር?

ሀስና ግንቡን ተደግፋ ባጃጅ ትጠብቃለች፣ ክንዷ በእናቷ ሻሽ ታስሯል፣ እንዳትሄጂ፣ ትላለች ሄርሞን ለራሷ፣ እግሯ ግን ይሄዳል፣ ልጅቷ ቀና ትላለች፣ ሄርሞንዬ፣ እንዳልሽኝ እግሬን ነው ያየሁት፣ ወላሂ አልነቀልኩም፣ ምኑን ነው ያጠፋሁት?

ሳቢራም ትሰማለች። ተናገሪ። አሁን ካልተናገርሽ መቼም።

ቸኮልሽ፣ ትላለች ሄርሞን፣ ሳትደርሺ ተነሳሽ።

እውነትሽን ነው፣ ትላለች ሀስና፣ እንባዋ በደህናው እጇ ላይ ይንጠባጠባል፣ ይሄን ያህል ደክመሽብኝ አሳፈርኩሽ፣ አፉ በይኝ።

አፉ ብያለሁ፣ ትላለች ሄርሞን።