ፈታኟ የተኛች ዕለት

ደወል ብለው የሰየሟት ተማሪዎቿ ናቸው። ከክፍል የቀረ ሰው ስልኩ ከጮኸ ሌላ ማንም አይደለም፣ እሷ ናት። «ምነው ጠፋህ?» ትልና ሰበቡን ሁሉ ታዳምጣለች፤ ልጅ ታመመ፣ አለቃ ፈረቃ ቀየረ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን ቆርጦኝ ነው ደብተር የምሸከመው። በኮሌጁ የጎልማሶች ክፍል አማካሪ ትባላለች። ደመወዟ የአንድ ሰው ነው፤ ሥራዋ ግን የእናትም፣ የሽማግሌም፣ አንዳንዴም የፖሊስ ነው። ውሏ በየዓመቱ ስለሚታደስ ደክሞኛል ማለት አትወድም። ደክሟት ግን ነበር።

ከተማሪዎቿ ሁሉ አንጀቷን የምትበላት አንዲት የሆስፒታል የሌሊት ረዳት ነበረች። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ባሏ የሞተባት፣ አንሶላ ስትቀይርና በሽተኛ ስታገላብጥ የምታነጋ ሴት ናት። ልጆቿ በር ቆልፈው ለብቻቸው ያድራሉ። የመድኃኒት ስሌት ፈተናውን ካለፈች ሆስፒታሉ የቀን ሥራ ሊሰጣት ቦታ ይዞላታል። አንዴ ወድቃለች፤ አሁንም ከወደቀች ቦታው ለሌላ ሰው ነው፣ እሷም ወደ ሌሊቷ።

ፈተናው ለሌላው ተማሪ የተመደበው ማታ፣ ልክ እሷ ሥራ በምትገባበት ሰዓት ነበር። ደወል የክፍሉን ኃላፊ ደጅ ጠንታ፣ ተለማምጣ፣ ጠዋት እንድትፈተን አስፈቀደች። ኃላፊውም ጠዋት የሚመጣ ፈታኝ ስለሌለኝ ራስሽ ፈትኛት አላት።

የዚያን ዕለት ደወል የመጣችው የታመመች እናቷን ስታገላብጥ አድራ ነው። ረዳቷም በቀጥታ ከሥራዋ መጣች። ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ተያይተው ሳቁ። ደወል ወረቀቱን ሰጠቻት፣ ደንቡንም አነበበችላት፤ ፈታኝ ሳያይ የተሠራ መልስ አይታረምም። ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ፀሐዩ ጀርባዋን ሞቅ አደረገው። ዓይኔን ላሳርፍ ብላ ክንዷ ላይ ደገፍ አለች። ዓይን ሲያርፍ ሌላው አካል ቆሞ ይጠብቀዋል ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።

ስትነቃ ትከሻዋ ላይ የረዳቷ ሹራብ ተደርቦላታል፤ በመስኮቱም ላይ መጋረጃው ተስቧል። የፈተናው ሰዓት አልፏል። ረዳቷ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ያለው ወረቀት ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ደወል ክው አለች።

«እትዬ፣ ለምን አልጻፍሽም?»

«አንቺ አላየሽማ። እኛ ጋ ከባድ መድኃኒት ሁለተኛ ሰው ቆሞ ካላየው አይሰጥም። ደንብ ደንብ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

ረዳቷ ግራ የተጋባች መሰለች። ይህን ሁሉ ዓመት የተኛ ሰው እንዳይነቃ በጫፍ እግሯ ስትራመድ የኖረች ናት። «ሁለት ጊዜ ተነሣሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጄ እንቢ አለኝ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ የሚተኛ ሰው ምን ያህል እንደደከመው አውቃለሁ፣ እህቴ።»

ደወል ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባትም። ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ክፉ ሰው አይደለም። ጊዜ ለመጨመር ምክንያቱ ተጽፎ ወደ በላይ አለቆች መሄድ እንዳለበት፣ እነሱ ደግሞ ይህን ወር የሚታደሱትን ውሎች እያዩ መሆኑን አስረዳት። ከዚያ በሩን ገፋ አደረገውና፣ «ወረቀቱን እንዳለ አስረክቢ። የወደቀ ተማሪ በየዓመቱ አለ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው» አላት።

እውነቱን ለመናገር፣ ምክሩን አሰበችበት። የእናቷን መድኃኒት አሰበች፣ የቤት ኪራዩንም። እንዲህ ያለውን ነገር የማያስብ ጻድቅ ነው፤ እሷ ደግሞ ጻድቅ አልነበረችም፣ የደከማት ሴት እንጂ። ግን ያቺ ሴትዮ የእንቅልፏን ዋጋ ቁጭ ብላ ስትከፍልላት ነው ያረፈደችው። ወረቀት ተቀብላ፣ ፈታኟ ተኝታ ስለነበር ተፈታኟ ጊዜዋን አልተጠቀመችበትም ብላ ጻፈችና ፈረመች። ኃላፊው አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ በላይ ላከው፤ ተነሥቶም ረዳቷን ያልሠራችበትን ሰዓት ራሱ ሊፈትናት ሄደ።

በወሩ መጨረሻ ውሏ አልታደሰም። ደብዳቤው ስለ አገልግሎቷ አመስግኗታል። ለረዳቷ ምንም አልነገረቻትም።

ደወል ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ሰነበተች። አንድ ቀን እናቷ ትንሽ ሻል ሲላት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋ ላይ ወደቀች። ስልኩ ብዙ ጮኾ ነው የሰማችው፤ በእንቅልፍ ድምፅ «አቤት» አለች።

«አልፌያለሁ!» አለች ረዳቷ። «ከሰኞ ጀምሮ ቀን ነኝ። ከኮሌጁ ሌላ ሰው ነው የደወለልኝ፤ ድምፁ ያንቺ ስላልሆነ መጀመሪያ የወደቅኩ መስሎኝ ነበር። የት ሄደች ብዬ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ።»

«ድምፅሽ ጎርነን ብሏል፣ እህቴ» አለች ረዳቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀሰቀስኩሽ እንዴ?»

ደወል እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እንኳን ቀሰቀስሽኝ» አለቻት።