የተሳላሚ እግር

ወደ ሮማ በእግራቸው የሚጓዙ ተሳላሚዎች ዳገቱን ጨርሰው ማረፊያ ቤቱ ሲደርሱ፣ ከእራት በፊት በጎ ፈቃደኛው ናዛሬኖ ተንበርክኮ እግራቸውን ያጥባል። ደንቡ አንድ እግር ነው፤ አጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ ይስመዋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከየአገሩ የመጣውን ሰው ሁሉ አጥቧል። ሚስቱ ኤርሲሊያ ይህን ስታይ «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» እያለች ትተርትበታለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሳፋውን እየጎተተ ከተደረደሩት እግሮች መጨረሻው ጋ ሲደርስ፣ የሚያውቀው ጠማማ አውራ ጣት አየ። ቀና ቢል ኤርሲሊያ ናት፤ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ ፊቷ አቧራ ለብሶ ተቀምጣለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተሳላሚ ነኝ። ጠዋት በአውቶቡስ ታችኛው መንደር ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።»

«እግርሽን ለመታጠብ ብለሽ? ቤት እኮ ውሃ አለ።»

«ውሃውማ አለ። አጣቢው ነው የጠፋው።»

አጠገቧ የተቀመጡት ጀርመኖች ነገሩ ባይገባቸውም ሳቁ። ናዛሬኖ አልሳቀም። ቀኝ እግሯን ሳፋው ውስጥ አስገብቶ ከማንም እግር ይበልጥ ቀስ ብሎ አጠበው። ተረከዟ ውሃ ቋጥሮ ስላየ እፍ እፍ አለበት። አድርቆ ሳመው። ሊነሳ ሲል ግራውን ዘረጋችለት።

«ደንቡ አንድ እግር ነው፣ ኤርሲሊያ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ግን የመጣሁት በሁለቱም ነው።»

ናዛሬኖ ሳፋውን አንስቶ ሙቅ ውሃ ሊያመጣላት ሄደ።