በጠመኔ የተከበቡ እግሮች

ዘመናይ የእድሩን ወንበሮች አንድ በአንድ እያነሳች በግማሽ ክብ ትደረድር ነበር። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ወንበሮቹ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ በአዳራሹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰበው የሥዕል ቡድኗ የዚያን ቀን መሬት ላይ ተቀምጦ ይስላል። ዛሬ ግን ሁሉም አሉ። አሥራ አንደኛውን ይዛ ወደ አዳራሹ መሃል ስትራመድ ድንገት ቆመች።

ወለሉ እርጥብ ነው። መሃሉ ላይ በነጭ ጠመኔ ተከበው አራት ወር የቆዩት ሁለት የጫማ ምልክቶች የሉም።

"አጠብኩልሽ!" አሉ እማማ ዋጋዬ፣ ባልዲ ይዘው በጓሮው በር ብቅ እያሉ። የእድሩ ቁልፍ የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው። "ሳየው ሳየው ከረምኩ። የሰው እግር ለክቶ መሬት ላይ ማሰር መተት ነው ልጄ። የሚመቀኛችሁ አለ ማለት ነው። በረኪና ጨምሬ ፈተግኩት፤ አይዞሽ።"

ዘመናይ ወንበሩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"መተት አይደለም እማማ። የምንስለው ሰው ወገቡን ሊያፍታታ ሲነሳ ቦታው እንዳይጠፋበት እግሩን በጠመኔ እንከባለን። ሲመለስ እዚያው ላይ ይረግጣል።"

እማማ ዋጋዬ ወለሉን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

"ታዲያ ይሄኛው ወገቡን ሊያፍታታ ወዴት ቢሄድ ነው አራት ወር?"

ዘመናይም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሰውየው ዲሪባ ይባላል፤ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ሾፌር ነው። ጥቅምት ላይ ዝናብ አባሮት በሩ ላይ ተጠግቶ ቆሞ ነበር። ዘመናይ ቡድኑን ስትጀምር ያወጣችው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ በር ላይ የቆመ ሰው ይጠራል። መሳል ትችላለህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። እርሳስ ይሰጠዋል፣ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ መሃል ተቀምጦ ይሳላል። ዲሪባ አራት ቅዳሜ ሳለ። የሳላቸው ሰዎች ሁሉ ትራክተር ይመስሉ ስለነበር ከማንም በፊት የሚስቀው እሱ ራሱ ነበር። ኅዳር መግቢያ ላይ ተራው ደረሰና ተቀመጠ። ለሁለተኛው ዕረፍት ሲነሳ ስልኩ ጮኸ፤ የዴራ ስንዴ ደርሷል።

"ስንዴ ሰው አይጠብቅም" አለ ጃኬቱን እያጠለቀ። ከዚያ ወደ ዘመናይ ዞሮ፣ "እግሬን እንዳታጠፊው፤ መጥቼ እጨርስልሻለሁ" አላት።

ሌሎቹ ፊቱን በትዝታ ጨርሰው ሥዕላቸውን ወደየቤታቸው ወሰዱ። ዘመናይ አልጨረሰችም። ሥራዋ የቤት ፕላን መንደፍ ነው፤ ያልለካችውን መስመር አታሰምርም። ሰው ስትስልም ከጫማ ጀምራ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ፊት ላይ የምትደርሰው በመጨረሻ ነው፤ ፊት ለፊት ማየት ታፍራለችና። ጉልበቱ አለ፣ ጭኑ ላይ ያረፉት ሰፋፊ እጆቹ አሉ፣ የአንገትጌው እጥፋት አለ። ከዚያ በላይ ነጭ ወረቀት ነው።

ከዴራ አንዴ ደወለ፤ ከዲክሲስ አንዴ። "የዲክሲስ አጨዳ ይለቅ እንጂ እመጣለሁ" አላት። ከጥምቀት ወዲህ ስልኩ ዝም አለ። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትመጣና የደበዘዘውን መስመር በጠመኔ ታድሳለች። ተረኛውን ሰው በመስኮቱ በኩል ታስቀምጠዋለች። ምክንያቷን "ብርሃኑ እዚያ ይሻላል" ስትል ማንም አልተከራከራትም።

ሰዎች መግባት ጀመሩ። ፀጉር አስተካካዩ ብሩክ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወለሉን አየና፣ "ውይ፣ የዲሪባ እግር ጠፋ!" አለ። "ደግሞ ማክሰኞ መጥቶልኝ ነበር።"

"የት?" አለች ዘመናይ።

"እኔ ጋ ነዋ። ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሶ! ድፍን የዲክሲስ ገለባ ነው ያራገፍኩለት። ኮምባይነሩን ለጥገና ወደ አዳማ ሊያወርደው ነው። ቅዳሜን ጠብቅ ብለው፣ 'እኔ እንግዲህ የመንገድ ሰው ነኝ፤ ሌላ ሰው አስቀምጡ በላት' አለኝ።"

የብሩክ ፀጉር ቤት ከዘመናይ ቢሮ በአንድ ሱቅ ብቻ ነው የሚርቀው። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጣ የደረጃ ፕላን ስትነድፍ ነበር። መስኮቷ ክፍት ነበር። የብሩክ እጅ ያንን ፊት ወደ ግራ አዙሮታል፣ ወደ ቀኝ አዙሮታል፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይዞታል። አሁን ምን ይመስላል ብላ ልትጠይቀው ፈለገች።

"የዛሬ ተረኛ ማነው?" አለ ብሩክ።

ተረኛዋ ልጅ ወደ አቦምሳ እንደሄደች ጠዋት መልእክት ልካለች። ዘመናይ አንገቷን ቀና ስታደርግ እማማ ዋጋዬን አየቻቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደራረቁ በሩ ላይ ቆመዋል። ዓመት ሙሉ በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ዓመት ሙሉ ከፍተው ከዚያው በር ይመለሳሉ። ግቡ ያላቸው የለም።

"እማማ፣ ይግቡ" አለች። "ዛሬ እርስዎ ይቀመጡልን።"

"እኔን? ምኔን ልትስሉ? ጥርስ የለኝ!"

"ጥርስ መሳል መከራ ነው እማማ፤ ገላገሉን" አለ ብሩክ።

እየሳቁ ገቡ። ዘመናይ የወለሉን መሃል በጨርቅ አደረቀችና ወንበሩን አስቀመጠች። እሳቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ጠመኔዋን ይዛ ስትንበረከክ የግራ እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ልታስሪኝ ነው?"

"አይደለም እማማ። ጠመኔ ማሰር ቢችልማ..." አለችና አልጨረሰችውም።

እማማ ዋጋዬ አናቷን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው እግራቸውን መለሱ።

"ክበቢው፣ ኢንታላ ኮ" አሉ፣ ልጄ ሲሉ በኦሮምኛ። "እኔ ወዴትም አልሄድ።"

ዘመናይ የላስቲክ ጫማቸውን ዙሪያውን አሰመረች፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ተነስታ ሰሌዳዋን አነሳች። የዲሪባ ወረቀት አሁንም እንደተቆነጠጠ ነው። መቆንጠጫዎቹን ፈታች፣ ወረቀቱን ከጫማው በኩል ጀምራ ጠቀለለችው፤ ነጩ በመጨረሻ ገባ። በክር አሰረችውና ከእድሩ ድስቶች በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።