ገና ነው

ልብስ ሰፊው ሰው ማስጠበቅ እንጂ መጠበቅ የማያውቅ ሰው ነበር። ወታደር ከመሆኑ በፊት ሱቁ የመጣ ደንበኛ ሁሉ «ነገ ና» ሳይባል ልብሱን ወስዶ አያውቅም። አሁን ደግሞ በማሠልጠኛው ግቢ ካለችው አንዲት ስልክ ፊት ተሰልፎ ሚስቴ ወለደች ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ እሱም በተራው «ገና ነው» ይባል ጀመር። የእጁን ነው ያገኘው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ስልኳ የምትፈቀደው እሁድ እሁድ ነው፤ ለሰው አምስት ደቂቃ። ሐኪሙ ለሚስቱ የሰጣት የመውለጃ ቀን ዓርብ ነበርና እሁድ ሲደውል ስልኩን አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ አነሱ። «ገና ነው ልጄ። የበኩር ልጅ መቼ ይቸኩላል?» አሉት። በሁለተኛው እሁድም ገና ነው። ሚስቱን እንዲያቀርቡለት ሲጠይቅ «ተኝታለች» አሉ። በሦስተኛው «ገላዋን እየታጠበች ነው» አሉ።

ጓዶቹ «አባት በቀጠሮ» የሚል ስም አወጡለት። ሲቆጣ እንጂ ሲቀልድ የማይታወቀው ሃምሳ አለቃ እንኳ በሰልፍ መሐል ፊቱ ቆሞ «ልጅህ ብልህ ነው፤ እኔ እዚህ መኖሬን ሰምቶ ነው የቀረው» አለው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊውም ደስ አለው፤ ገና ሳይወለድ ይህ ሁሉ ሰው ስለ ልጁ ማውራቱ አኮራው።

ሐሙስ ዕለት ከረጅም የእግር ጉዞ ሲመለሱ ተረከዙ ተልጦ ክሊኒክ ሄደ። ነርሷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ቁስሉን እየጠረጉ «አባት በቀጠሮ የሚሉህ አንተ ነህ? ስንት ሳምንት ሆናት?» አሉት።

«ነገ አርባ ሦስት ይሞላታል፣ ሲስተር።»

እጃቸው ቆመ። «ቀኑን ተሳስታችሁ ይሆናል።»

«አልተሳሳትንም። ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ ነው የነገረን።»

«እኮ፣ ሐኪም የሚያያትን ሴት እስከዚህ አያቆዩዋትም። ምጡ እምቢ ካለ በመድኃኒት ያመጡታል፤ ካልሆነም በኦፕራሲዮን...» አሉና ነገሩ ሲገባቸው ፋሻውን መጠቅለል ያዙ።

እያነከሰ ወደ መኝታ ክፍሉ ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ለልጇ ሠርግ ያመጣችውን ጨርቅ በካውያ አቃጥሎ ሦስት ጊዜ «ገና ነው» ብሎ መልሷት ነበር። የሚነግርበት አፍ ስላጣ ነው። አሁን የአማቱ ድምፅ ልክ ያን ጊዜ የእሱ እንደነበረው ድምፅ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ የእሳቸውም ሦስት እሁድ ብቻ ከረመ። ሆኖም አልተናደደባቸውም። ሥልጠናውን ጥሎ እንዳይጠፋና እንዳይታሰር ፈርተው ይሆናል አለ።

እሁድ ተራው ሲደርስ አማቱ «ገና...» ብለው ሲጀምሩ አቋረጣቸው።

«እማዬ፣ እስቲ እሷን ይስጡኝ። አልቆጣም።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማው፤ የሚስቱን ትንፋሽ አወቀው።

«ሴት ናት ወንድ?» አላት።



«ሴት» አለች። «በቀኗ መጣች። ዓርብ። ታለቅሳለች ብዬ ብጠብቅ አላለቀሰችም።»

«ማንን ትመስላለች?»

«አንተን። አገጯ ቁርጥ ያንተ ነው።»

ግድግዳውን ተደገፈ።

«በእማዬ እንዳትፈርድ» አለችው። «እንዳትነግርህ ያልኳት እኔ ነኝ። ጓዶችህ አባት በቀጠሮ እያሉ ሲቀልዱብህ፣ አንተም ስትስቅ በስልክ እንደሰማች እማዬ ነገረችኝ። እስክትመጣ ድረስ እንኳ አንተ አባት ሁን ብዬ ነው።»

ደቂቃው አልቆ መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ቀስ ብሎ ቦታው መልሶ ዞረ። ጓዶቹ ተሰልፈው ፈገግ እንዳሉ ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

«አባት በቀጠሮ፣ እህሳ፣ መጣ?» አለው ከፊት ያለው።

ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አደረገ።

«ገና ነው» አላቸው።